ከባሌ ጎን ያለው ቦታ

ይህን ያየሁት በገዛ ዓይኔ ነው። ሐዘን አቃዣት የሚል ካለ ይበል፤ ለምጄዋለሁ።

ወሩ ኅዳር፣ ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ። ዝናብ ያካፋል። ባሌ አምብሮዝ በማግስቱ ሊቀበር ነው።

የሃርኮም ቤተሰብ መቃብር ከመንደራችን ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ ከመሬት በታች ያለ የድንጋይ ክፍል ነው። ሬሳ ሳጥኖቹ ግድግዳው ላይ በተሠሩ መደቦች ይቀመጣሉ። ቀብር ሲኖር የታፈነው አየር እንዲወጣ በሩ ከዋዜማው ይከፈታል።

የቀሩት ሁለት ቦታዎች ናቸው። በተጋባን ሰሞን አምብሮዝ አሳይቶኛል። ይሄ የኔ፣ ይሄ ያንቺ ብሎ። ልጅ አልሰጠኝም፣ ሳቅም ብዙ አልሰጠኝም። ያንን ቦታ ግን ሰጥቶኛል።

ላየው ወረድኩ። ታናሽ እህቴ ሞድ ባትሪ ይዛ ቀደመችኝ።

በሩ ዝቅ ያለ ነው፤ የማያውቀው ሰው ግንባሩን ይመታል። ሞድ ጎንበስ ብላ ገባች... ማንም ሳይነግራት።

"እዚህ መጥተሽ ታውቂያለሽ?" አልኳት።

ባትሪውን ወደ መደቦቹ አዞረች።

የኔ ቦታ ላይ ሳጥን ነበር።

አቧራውን በመዳፌ ጠረግኩት። ክዳኑ ላይ በተለጠፈው ነሐስ ስም ተቀርጿል... ሞድ ይላል። የገዛ እህቴ ስም!

"ባዶ ነው" አለች በሹክሹክታ። "እትዬ... የአምብሮዝ እናት ሲቀበሩ ነው ያስገባነው። እሱ ነው አጠገቤ ሁኚ ያለኝ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"አትጠይቂኝ።"

መቃብር ቆፋሪው ፓይክ ያውቅ ነበር ማለት ነው። እሱ ካወቀ መንደሩም ያውቃል። እሑድ እሑድ ባርኔጣቸውን እያነሱ ሰላም ሲሉኝ፣ ጅሏ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ከስሟ ሥር የሞት ቀን አለ። የነገው ቀን ነው።

ሞድም አየችው። ባትሪውን ወደ ነሐሱ አስጠጋች።

"ቀኑን እኮ... ሳናስጽፍ ነው የተውነው።"

በማግስቱ ቀብሩ ላይ ድርሽ አትልም ብዬ ነበር። መጣች። አጠገቤ ቆማ ክንዴን ያዘች። እጇ ይቀዘቅዛል። ሰው ፊት ምን ልበላት?

ፓይክን ጠርቼ ያንን ባዶ ሳጥን ከቦታዬ አንሳልኝ አልኩት። ዓይኔን ማየት አልቻለም። ተሸካሚዎቹን ይዞ ወረደ።

ቆዩ... በጣም ቆዩ።

ፓይክ ብቻውን ወጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

"እመቤቴ... ለአራት ሆነን አልተነሳልንም። ውስጡ ሰው አለበት።"

ዞር ብዬ ሞድን አየኋት። ከንፈሯ ላይ አቧራ ነበር።

"ተዉት" አለች ቀስ ብላ። "ተመችቶኛል።"