ያልተነበበው ፍርድ

ዳኛ ዲኖ ሱሉልታ ውስጥ በተከራዩት ቤት ደጃፍ ላይ ሞተው የተገኙት ረፋድ ላይ ነው፤ ጭንቅላታቸው ከደረጃው ጋር ተላትሟል። ያን ቀን የተቃዋሚ ፓርቲው ዱቤ የተከሰሰበትን ጉዳይ ፍርድ ሊያነቡ ነበር። ዱቤ ወይ ቤቱ ይገባል፣ ወይ ዓመታት ይታሰራል።

ምስኪን! «የእነ እገሌ ናቸው» እንዳይባሉ ሠርግ አይሄዱ፣ ለቅሶ አይደርሱ፣ ምሳቸውን እንኳ የሚበሉት ብቻቸውን ነበር። ከተማው ግን ወይ ፍንክች! «የገዢው ፓርቲ ሰው ናቸው» እንዳላቸው ሞቱ። አስከሬናቸውን የሚለይ ዘመድ ጠፍቶ፣ የችሎት ጸሐፊያቸው ሔለን መጥታ ለየች።

ኢንስፔክተር ሸዋነሽ ትናንት ማታ በራቸው ላይ የታዩትን ሁለት ሰዎች አስጠራች። የገዢው ፓርቲ ሰው ውብአየሁ ላቡን ጠረገ።

«ስለ ዱቤ ላናግራቸው ሄጄ ነበር። ‹ውጣልኝ!› አሉኝ፤ ወጣሁ።»

«ኦሮምኛ ትችላለህ?»

«ኧረ ከየት አምጥቼ!»

የዱቤ ታናሽ ወንድም ኦዳ ግን ረጋ ብሏል። «ማታ ሰላም ብያቸው ወዲያው ጫንጮ ከተማ ሄጄ አደርኩ። ጎረቤታቸው ማታ ድምፅ ሰማሁ እያለች ነው፤ የሰማችው የእኔን ነው፤ ጠይቋት።»

ጎረቤቲቱ ጣቢታ ከወላይታ መጥታ ፋብሪካ የምትሠራ ልጅ ናት። «ዕረፍቴ ስለነበር ስተኛ ስነሳ ነው የዋልኩት፣ ያደርኩትም። ጉሙ ደግሞ ጨለማ ነው፤ መሽቷል ብዬ...»

«ምን ሰማሽ? እንደሰማሽው በይው።»

«‹አካም ቡልታን፣ ኦቦ ዲኖ!› የሚል። ትርጉሙን አላውቅም፣ እትዬ።»

ሸዋነሽ ሁሉንም ደጃፉ ላይ ሰበሰበች።

«ማታ የመጣ ሰው ‹አካም ኦልታን› ይላል፤ እንዴት ዋሉ ማለት ነው። ‹አካም ቡልታን› እንዴት አደሩ ነው፤ ጣቢታ በጉሙ መሽቷል ብላ እንጂ የሰማችው ጠዋት ነው። ውብአየሁ ቋንቋውን አይችልም። ‹የሰማችው የእኔን ድምፅ ነው› ያልከው ደግሞ ራስህ ነህ፣ ኦዳ። ጫንጮ ያደረ ሰው እዚህ ደጃፍ ላይ ‹እንዴት አደሩ› ሲል ምን ይሠራል?»

ኦዳ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ፍርዱን ንገሩኝ ብዬ ለመንኳቸው። ‹ችሎት ላይ ትሰማለህ› አሉኝ! ማታ ይሄ ሰውዬ ሲገባ በዓይኔ አይቻለሁ። ወንድሜን ሸጡት ብዬ... ገፋኋቸው። እንዲሞቱ አልነበረም።»

ሔለን አላስቻላትም፤ እያለቀሰች ተናገረች። «ፍርዱን የተየብኩት እኔ ነኝ። ነጻ ብለውታል። ዱቤ ዛሬ ቤቱ ይገባ ነበር።»

«ታዲያ ሂጂ አንብቢው! ምን ትጠብቂያለሽ?» አለ ኦዳ።

«ዳኛ ያላነበበው ፍርድ ፍርድ አይሆንም፣ ወንድሜ። ዱቤ ሌላ ዳኛ እስኪመደብለት እስር ቤት ይቆያል።»

ኦዳ ደረጃው ላይ ቁጭ አለና ቀና ብሎ አያት።

«የሚመደበውስ ዳኛ የማን ሰው ነው?» አለ።