የጥቅምት ዐሥራ አራቱ ደብዳቤ

የፀጋውን አስከሬን ከቡይት ራስ ገደል ሥር በገመድ ስበው ያወጡት ዓርብ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ደባርቅ በሙሉ አንድ ነገር ያወራ ነበር፤ ሰውዬው ራሱን ወርውሯል፣ የስንብት ደብዳቤውም ቢሮው ኮምፒውተር ላይ ተገኝቷል። ደባርቅ ላይ ወሬ ከሚኒባስ ይቀድማል፤ እንዲህ ያለውን ክፉ ወሬማ ማን ደርሶበት!

ኢንስፔክተር ሩመይሳ ሀሚድ ፖሊስ ጣቢያ ስትደርስ የሟች እናት እማማ ወለተ ሥላሴ ግቢው ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ተነሡ ቢባሉም አልተነሡም።

«ልጄ፣ የምትመረምሪው አንቺ ነሽ አሉኝ። ቄሱ ፍትሐት የለውም አሉ። ራሱን ለገደለ አይፈታም፤ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጪ ይቀበር አሉ። እኔ እንዲህ ያለ ልጅ አልወለድኩም!»

ሩመይሳ የደባት ነጋዴ ልጅ ናት፤ እስላም ናት። ከክርስቲያን ጎረቤት ጋር ለቅሶ ተቀምጣ ያደገች ስለሆነች ግን ፍትሐት መከልከል ለአንዲት እናት ምን ማለት እንደሆነ አስረጂ አያስፈልጋትም። አጠገባቸው ቁጢጥ አለች።

«ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው እማማ?»

«ስድስት ሰዓት።»

«ፀጋው በዚህ ሳምንት የነገረዎት ነገር ነበር?»

አሮጊቷ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «ረቡዕ ዕለት እህል አልቀምስ አለ። “እማዬ፣ ዋልያዋን የገደለውን ሰው ደርሼበታለሁ። ለፓርኩ ከመጻፌ በፊት ግን ራሱ ወጥቶ እንዲናገር ልለምነው፤ የማከብረው ሰው ነው” አለኝ። ማን ነው ብለው ስሙን እምቢ አለኝ።»

በመስከረም አንዲት ዋልያ በጥይት ተመትታ መገኘቷን የማያውቅ የለም። ገዳዩ ግን እስካሁን አልታወቀም። ሩመይሳ ብድግ ብላ ሳጅን አንዱዓለምን ጠራችና ወደ አስጎብኚዎቹ ማኅበር ቢሮ ገሠገሠች። እስከ ቀብሩ አራት ሰዓት እንኳ አልቀራትም።

ቢሮው አንድ ክፍል ነው። ፀጋው የማኅበሩ ጸሐፊ ነበር፤ ለጎብኚ አስጎብኚ፣ ስካውት የሚባል ባለጠመንጃ ጠባቂና በቅሎ በተራ የሚመድበው እሱ ነው። ረዳቱ እሌኒ ዓይኗ በለቅሶ አብጦ ኮምፒውተሩ ፊት ቆማለች። ጠዋት መብራት ሲመጣ ከፍታው ደብዳቤውን ያየችው እሷ ናት።

አንዱዓለም ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። «“ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት። ጉዳዩ፦ ስንብትን ይመለከታል። በመስከረም ወር ዋልያ የገደልኩት እኔ ፀጋው ነኝ። ኀፍረቱን መሸከም ስላልቻልኩ ከዚህ ዓለም በገዛ ፈቃዴ ተሰናብቻለሁ። ከሠላምታ ጋር።”»

«ሊሞት ገደል አፋፍ የሚሄድ ሰው “ጉዳዩ” ብሎ ይጀምራል?» አለች ሩመይሳ።

«ጸሐፊ አልነበር? ልማድ ነዋ።» ሳጅኑ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለና ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። «ኧረ ጉድ! ይሄ ደብዳቤማ ከሰባት ዓመት በፊት የተጻፈ ነው ይላል እኮ። በፈረንጅ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2018፣ ሰዓቱ 3፡10።»

«ማሽን የሚለው የነገሩትን ነው። ይልቅ ለምን አልሄደም?»

ደብዳቤው ገና የኢሜይሉ አውትቦክስ፣ ያልሄዱ መልእክቶች ሣጥን ውስጥ ነበር፤ ላኪው «ላክ» ብሎታል፣ ፕሮግራሙ ግን አንቆ ይዞታል። ሩመይሳ ወንበር ስባ ተቀመጠችና እሌኒን ትጠይቃት ጀመር።

«የኢንተርኔት መስመር አለ?»

«አለ። ጠዋት ስከፍተው ሦስት የጎብኚ መልእክት ተቀብሏል። እምቢ ያለው መላኩን ነው።»

«የይለፍ ቃሉስ?»

«ያው ነው፤ አልተነካም። ቀኑ ነው እንጂ።» እሌኒ አፍንጫዋን ጠረገች። «የዚህ ኮምፒውተር ባትሪ ከሞተ ቆየ። መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑን ይረሳና ወደ ፈረንጆቹ 2009 ይመለሳል። እኔ ወይም ፀጋው በየጠዋቱ ካላስተካከልነው መቀበሉን ይቀበላል፣ መላኩን አሻፈረኝ ይላል።»

«ምን አገናኘው?»

«የሚልክልን የሩቁ ማሽን መታወቂያውን ያሳያል፤ የእኛው ደግሞ ቀኑን ያያል። የእኛ ቀን ወደ ኋላ የቀረ እንደሆነ “ይሄ መታወቂያ ገና አልወጣም” ብሎ በሩን ይዘጋል። መቀበያው የድሮ ነው፣ መታወቂያ አይጠይቅም።»

«ቀኑን የምትሞሉት በየትኛው አቆጣጠር ነው?»

«በፈረንጁ ነዋ! እኔ ሥራ በገባሁ ሰሞን በእኛው ሞልቼው ሁለት ቀን ሙሉ አንድም መልእክት አልሄደም። ፀጋው እንዴት አድርጎ ሳቀብኝ መሰለሽ።» ይህን ብላ እንደገና አለቀሰች።

ሩመይሳ ትከሻዋን መታ መታ አደረገቻት። ከዚያ ፕሮግራሙ የመዘገባቸውን ያልተሳኩ ሙከራዎች አስከፈተቻት። አምስት ናቸው፤ 3፡10፣ 3፡20፣ 3፡30፣ 3፡40፣ 3፡50። በየዐሥር ደቂቃው ሞክሯል፣ ከዚያ ጭጭ።

«ትላንት መብራት ስንት ሰዓት ጠፋ?»

«ልክ ዐሥር ሰዓት» አለ አንዱዓለም። «ወፍጮ ቤት ነበርኩ፤ እህሌ ግማሹ ሳይፈጭ ቀረ።»

«የዚህ ቢሮ ቁልፍ እነማን ጋ ነው?»

«ፀጋው፣ እኔ፣ ያርጋልና ሊቀመንበራችን ጋሽ ገሠሠ» አለች እሌኒ። የፀጋው ቁልፍ ከነመያዣው ከአስከሬኑ ኪስ ወጥቷል። እሌኒ ከትላንት ጠዋት ጀምሮ ደባት እንደነበረች ተናገረች፤ ለእህቷ ሠርግ ጨርቅ ልትገዛ። ሩመይሳ ስልኳን አንሥታ አባቷ ጋ ደወለች። ሀሚድ ለመመስከር ሁለቴ አላሰበም፤ ልጅቱ ሱቁን በጨርቅ አተራምሳው ሳትጨርስ መብራት ጠፋ፣ ቀለሙን በባትሪ ሲያሳያት አመሸ።

አስጎብኚው ያርጋል ደጅ ላይ ነበር። መዳፉን ገመድ ልጦታል።

«አልደብቅዎትም፣ ተራዬን ዘለልከኝ ብዬ ባለፈው ሳምንት ተጣልቼዋለሁ» አለ ሳይጠየቅ። «ትላንት ግን ከሰባት ሰዓት እስከ ዐሥራ አንድ ገደል ውስጥ እሱን ስንጎትት ነበርን። አርባ ሰው ይመስክር።»

ጋሽ ገሠሠ በማኅበሩ መኪና ጥላ ሥር ኩርምት ብለዋል። ስድሳን የዘለሉ፣ ደባርቅ የምታከብራቸው ሰው ናቸው። ሩመይሳ ጎንበስ ብላ ሰላም አለቻቸው።

«ምን ሰላም አለ ልጄ። ክርስትና ያነሣሁት ልጄ ነው። የአዲሱን የጎብኚ መንገድ ነገር እንይ ብሎኝ አብረን ወጣን፤ አምስት ሰዓት ላይ “ትንሽ ልናፈስ” ብሎ ተለየኝ። ሰባት ሰዓት ላይ ስካውቶቹ ከታች አዩት። እዚያ ኔትወርክ የለ፣ ሰባት ተኩል ላይ ለፖሊስ ላመለክት ብቻዬን ነዳሁ።»

«ጣቢያ የደረሱት ዘጠኝ ተኩል ነው። መንገዱ የአንድ ሰዓት ነው ጋሽ ገሠሠ።»

«ጎማ ፈነዳብኛ! በዚህ ዕድሜዬ ብቻዬን ቀየርኩት።»

ሩመይሳ «እግዜር ያጽናዎት» ብላ መኪናውን ዞር ዞር አለችው። መለዋወጫው ጎማ ከኋላ እንደታሰረ ነው፤ የክረምቱ ጭቃ ደርቆበታል፣ ብሎኑም ዝጎ ተጣብቋል። ወደ ጋሽ ገሠሠ ተመለሰች።

«እግረ መንገዴን፣ ኮምፒውተር ይነካሉ?»

«እኔ? የድሮ ሰው ነኝ፤ ምኑን አውቄው።» ከዚያ ድንገት ቀና አሉ። «ከፓርኩ ግን መልስ አልመጣም? ደብዳቤው ሳይደርሳቸው ቀረ እንዴ?»

«መድረስ አለመድረሱን ከዚህ ሆኖ ማን ያውቃል?» አለች ሩመይሳ ረጋ ብላ። «አይጨነቁ፤ እናየዋለን።»

አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ሁሉንም ቢሮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። እማማ ወለተ ሥላሴ ወንበር ላይ፣ ያርጋልና እሌኒ ግድግዳ ተደግፈው፣ ጋሽ ገሠሠ በሩ አጠገብ፣ አንዱዓለም ከኋላቸው። ቄስ ሃብተ ጊዮርጊስ መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል።

«ሕጉን እኔ አላወጣሁትም ልጄ» አሉ ቄሱ።

«አውቃለሁ አባታችን። እኔም ሕጉን ሳይሆን ደብዳቤውን እንዲያዩልኝ ነው የጠራሁዎት።» ሩመይሳ ወደ ስክሪኑ አመለከተች። «ይህ ደብዳቤ ያልሄደው ቀኑ ስለተሳሳተ ነው። የተሞላው 14፣ 2፣ 2018 ነው። ለማሽኑ ይህ የዛሬ ሰባት ዓመት ነው። ለእኛስ? በዓመቱ ሁለተኛ ወር፣ በዐሥራ አራተኛው ቀን።»

«ጥቅምት ዐሥራ አራት» አሉ ቄሱ። «ትላንት።»

«ትላንት። ፀጋው ይህን ማሽን ዓመታት ሙሉ በፈረንጅ ቀን ሞልቶታል፤ በእኛው የሞላ ሰው ሲያይ ይስቅ ነበር። ሊሞት የሄደ ሰው ብዙ ነገር ሊረሳ ይችላል፤ ጣቱ የለመደውን ግን አይረሳም። ጸሐፊው ሌላ ሰው ነው።»

እማማ ወለተ ሥላሴ ደረታቸውን ያዙ። «እልል ልበል ወይስ ላልቅስ» አሉ ቀስ ብለው።

«ሰዓቱም 3፡10 ይላል» ስትል ቀጠለች። «ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ማለትም ፀጋው በሕይወት ሳለ እንዲመስል ተብሎ የተሞላ ነው። ፕሮግራሙ ግን በየዐሥር ደቂቃው ሲሞክር 3፡50 ላይ ቆመ፤ አራት ሰዓትን አልደረሰም። ያቆመው የመብራቱ መጥፋት ነው፤ መብራት የጠፋው ደግሞ ትላንት ከቀትር በኋላ ዐሥር ሰዓት ላይ ነው። ወደ ኋላ ቁጠሩት። ደብዳቤው የተላከው ከዘጠኝ ከዐሥር በኋላ፣ ዘጠኝ ከሃያ ሳይሞላ ነው። ፀጋው በሰባት ሰዓት ሞቶ ተገኝቷል።»

ያርጋል «ወይ አምላኬ!» አለ።

«በዚያ ሰዓት እሌኒ ደባት አባቴ ሱቅ ነበረች። ያርጋል ገደል ውስጥ ገመድ ይስባል። ቁልፍ ያለው የቀረው አንድ ሰው ነው፤ ለአንድ ሰዓት መንገድ ሁለት ሰዓት የፈጀበት፣ ጎማ ቀየርኩ የሚል፣ መለዋወጫው ግን ከክረምት ወዲህ ያልተፈታ።» ወደ በሩ ዞረች። «ጋሽ ገሠሠ፣ የት ነበሩ?»

«የማላውቀውን ማሽን በምን እጄ!» አሉ ገሠሠ።

እሌኒ በድንጋጤ አፏን ሸፈነች። «ጋሽዬ… ወረዳ ታይፒስት ነበርኩ ብለውኝ የለ? ማክሰኞ ዕለት ኢሜይል አላላክ አሳዪኝ አሉኝና አሳየሁዎት። ቀኑን ግን… ጠዋት እኔ አስተካክዬው ስለነበር አላዩም።»

«እዚህ ላይ ነው የተያዙት» አለች ሩመይሳ። «ትላንት ቢከፍቱት 2009 ይላል። ቀኑን እንደለመዱት፣ ዕድሜ ልክዎን ደብዳቤ ላይ እንደጻፉት ሞሉት። “ጉዳዩ” ብለው ጀመሩ። ላክ አሉት፤ የሄደ መሰለዎት፤ ከፓርኩ መልስ የጠበቁትም ለዚህ ነው። የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። ፀጋው ራሱ እንዲናገር የለመነው ሰው እርስዎ ነዎት። ዋልያዋን ግን እርስዎ አልገደሏትም፤ በዚህ ዕድሜዎ ዋልያ ተከትለው ገደል አይወርዱም። ማነው የገደላት?»

ገሠሠ ግድግዳውን ተደግፈው ቁልቁል ተንሸራተቱ። ሲናገሩ ድምፃቸው የሌላ ሰው ነበር።

«ልጄ ገዱ ነው። በስካውትነቱ በያዘው ጠመንጃ። እሥር ቤት እንዲበሰብስ ፈረድክበት ወይ ብዬ ፀጋውን ለመንኩት፤ እግሩ ላይ ወደቅሁ። “እርስዎ ይዘውት ይምጡና ይናገር፤ አለዚያ ሰኞ እጽፋለሁ” አለኝ። ዞር ሲል… ገፋሁት። አንድ ጊዜ ነው የገፋሁት።»

«ስሙንስ?» አለ ያርጋል። «ስሙን ደግሞ ለምን ገደል ከተትከው?»

አንዱዓለም የገሠሠ ብብት ሥር ገብቶ አነሣቸውና ካቴና አጠለቀላቸው። ቄስ ሃብተ ጊዮርጊስ ከእማማ ወለተ ሥላሴ ፊት ሄደው ዝቅ አሉ።

«ይቅር በዪኝ ልጄ። በወሬ ፈረድኩ። ሰው ልኬ ካህናቱን ላሰባስብ፤ ልጅሽ በሙሉ ፍትሐት ይቀበራል። ለጸሎቱ የክርስትና ስሙን ንገሪኝ።»

አሮጊቷ ተነሡ። ወደ ቄሱ አላዩም፤ ተራምደው ገሠሠ ፊት ቆሙ። ሳጅኑ ሊከለክላቸው ሲል ሩመይሳ በዓይኗ ተወው አለችው።

«አበልጄ» አሉ ወለተ ሥላሴ። «በአርባ ቀኑ ከውኃው አንሥተህ የታቀፍከው አንተ ነህ። ቄሱ ስሙን ሲጠይቁህ የመለስከው አንተ ነህ። ዛሬም ጠይቀዋል። ንገራቸው።»

ገሠሠ ፊታቸውን ወደ ጎን ሊያዞሩ ሞከሩ። እንደገና ሞከሩ። አሮጊቷ ከፊታቸው ንቅንቅ አላሉም።

«ኃይለ ሚካኤል» አሉ በመጨረሻ፣ በታሠረ እጃቸው ፊታቸውን ሸፍነው።

«ሰምተዋል አባ?» አሉ ወለተ ሥላሴ። «እንግዲያውስ እንሂድ፤ ስድስት ሰዓት ደርሷል።»