የማሙሽ መልክ

ልጆቼ፣ ይህ የምጽፍላችሁ ነገር ተረት አይደለም። ሰዎቹ ዛሬም በሕይወት አሉ። ሳሌም የእህቴ ልጅ ናት። ነገሩን ከራሷ አፍ ነው የሰማሁት፤ መጨረሻውን ግን በዚህ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። መሐል ሜዳ ከተማ።

የክረምቱ ጉም ወርዶ፣ በቀን እንኳ ጎረቤት ከጎረቤት አይተያይም።

ሳሌም አራስ ናት። ልጇ ሃያ አንድ ቀኑ ነው፤ ክርስትና እስኪነሳ ድረስ ማሙሽ ነው የሚባለው። ባሏ ኪዳነ የደብረ ብርሃን ሚኒባስ ስለሚነዳ ጠዋት ወጥቶ ማታ ነው የሚገባው። እናቷ የለችም። እኔም ያኔ እግሬን ታምሜ ከአልጋ አልወርድም። የሚያርሳት ሰው አጥታ ብቻዋን ነበረች።

ይኼ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በሩ ተንኳኳ።

«አሻንጉሊት የምትሠሪው አንቺ ነሽ?»

ከሞላሌ ወዲያ የመጣች ሴት ናት። ጥሩሸዋ እባላለሁ አለች። ነጠላዋ ረጥቧል።

ሳሌም ቤሩት ሰው ቤት ስትሠራ አሠሪዋ ያስተማረቻት ሙያ አላት። ሊጥ የመሰለ የላስቲክ ሕፃን በካርቶን ይላክላታል፤ እሷ በስፖንጅና በቀጭን ብሩሽ ቀለም እየነካካች ሰው ታስመስለዋለች። ቀለሙ እንደ ውሃ ስስ ነው። አንዱን ትቀባለች፣ በትንሽዬ ኦቨን ታደርቀዋለች፣ ሲበርድ በላዩ ሌላ ትደርባለች። መጀመሪያ ሰማያዊውን የደም ሥር፣ ቀጥላ ቅላቱን፣ ከዚያ ጠይሙን አምስት ስድስት ጊዜ።

ያለ እሳት ግን ቀለሙ አይደርቅም።

«ልጄ በሠላሳ አንድ ቀኑ ሞተብኝ» አለች ጥሩሸዋ። «ቄሱ ሳይደርሱ። ክርስትና አልተነሳም ብለው ያለ ፍትሐት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጪ ቀበሩት። ድንኳን የለ፣ ለቀስተኛ የለ። አማቴማ ‹ገና ምን ሰው ሆነና ታለቃቅሻለሽ? ሌላ ትወልጃለሽ› አሉኝ።»

«ፎቶው አለሽ?»

«ማን አንስቶት!»

ከዚያ ዞር ብላ ማሙሽን አየችው...

ጠጋ አለችው።

«ይኼን ነው የሚመስለው።»

«ሕፃን ሁሉ ይመሳሰላል፣ እቴ።»

«አይደለም። ይኼን ነው። ከሱ ላይ ቅጂልኝ።»

ሳሌም ልጇን አየችው። እኔ ብሆንስ አለች። የእኔ ተኝቷል፣ የሷ አፈር ውስጥ ነው፤ እንዴት እንቢ እላለሁ?

እሺ አለቻት።

በነጋታው ማሙሽን አጥብታ አስተኛችውና አሻንጉሊቱን ከጎኑ አጋደመችው። በአንድ ብርድ ልብስ። ከልጇ ግንባር ጠርዝ ላይ የምትታየውን ሰማያዊ ሥር እያየች በቀጭኑ ብሩሽ ቀዳቻት። ኦቨን ውስጥ ከተተችው። ደረቀ።

ከሰዓት በኋላ ማሙሽን ስታጥበው ያቺን ሥር ግንባሩ ላይ ፈለገች።

የለችም።

የጉሙ ጨለማ ነው ብላ ተወችው።

በሦስተኛው ቀን ቅላቱን ቀባች። ጉንጩን፣ ጉልበቱን፣ ተረከዙን።

ማሙሽ ከእንቅልፉ ነቅቶ አለቀሰ። እግሩን እያራገበ፣ ትንፋሹ እስኪቆራረጥ አለቀሰ።

ፊቱ ግን አልቀላም።

ልጆቼ፣ ወልዳችሁ ያሳደጋችሁ ታውቁታላችሁ። የሚያለቅስ ሕፃን ፊቱ በርበሬ ይመስላል። ይኼ ግን እንደ ሻማ ነጭ ሆኖ ያለቅሳል...

ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ደሙን አዩት፣ ሳንባውን አዳመጡት። ደህና ነው አሏት።

ደህና ነው ስላሏት ቀጠለች። የዋህነት ነው፣ ምን ይባላል።

ጠይሙን ከጆሮው ጀመረች። የሕፃን መልክ ኋላ ምን እንደሚሆን እኛ አገር ጆሮውን ነው የምናየው፤ ጫፉ ላይ ያለው ጠይምነት ነው ሲያድግ ገላውን ሁሉ የሚለብሰው። የማሙሽ ጆሮ ጫፍ እንደ አባቱ ጠይም ነበር። አንድ ጊዜ ደረበች። ሁለት። ሦስት። ሥራው አማረላት። አሻንጉሊቱ ሊተነፍስ ምንም አልቀረውም።

ኪዳነ ማታ ገብቶ ልጁን አቀፈና ወደ መብራቱ አስጠጋው።

«ሳሌሜ... ይኼ ልጅ ማንን ነው የሚመስለው?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ጆሮው ነጣ እኮ።»

«ብርድ ነው» አለችው። ልጁንም ከእጁ ወሰደችው።

በማግስቱ ኪዳነ እንደወጣ ጥጥ በቲነር ነከረች። ቀለሙን ልታጥበው። የአሻንጉሊቱን ጆሮ አንዴ ብቻ ጠረገችው...

ማሙሽ ከአልጋው ላይ ጮኸ።

ሮጣ አነሳችው። የጆሮው ቆዳ ተልጧል። ስጋው ይታያል።

ጥጡ ከእጇ ወደቀ።

ለመቀጠል ፈራች፤ ለማጥፋትም ፈራች። ሙያዋ ይኼ ነው፣ ሌላ የምታውቀው የለ። ምን አደረገች መሰላችሁ?

የራሷን ልጅ ቀባችው።

በስፖንጅ፣ ስስ ስስ አድርጋ፣ ጉንጩን ቀይ፣ ገላውን ጠይም። ሰው እንዳያይባት፣ ኪዳነ እንዳይጠይቃት። ግን ቀለሙ አይደርቅም። ብርድ ልብሱን ያቀልማል፣ ጡቷን ያቀልማል። በየጠዋቱ ትደግመዋለች። የምትጠይቃት ጎረቤት ልትስመው ጎንበስ ስትል «ጉንፋን ይዞታል፣ አትጠጊው» ትላለች።

አንድ ቀን ልጁን በሁለት እጇ እንደያዘች ኦቨኑን ስታየው ቆየች...

ከዚያ ልጁን አስተኝታ፣ ገመዱን ነቅላ፣ ኦቨኑን ተሸክማ፣ ነፍሴ አውጪኝ ብላ እየሮጠች ገደል ከተተችው። «አክስቴ፣ የፈራሁት ራሴን ነው» ብላኛለች።

ማሙሽ በተወለደ በሠላሳ ስምንተኛው ቀን ጥሩሸዋ መጣች።

«መዳፉ ቀርቷል» አለች አሻንጉሊቱን አገላብጣ።

«አልጨርሰውም። እዚሁ ይቅር።»

«የኔን ስጪኝ።»

«እባክሽ፣ እህቴ... ልጄን እየወሰደው ነው።»

ጥሩሸዋ አልደነገጠችም። ክፋትም አላሳየች። ብቻ ደክሟት እንደከረመ ሰው በሹክሹክታ፣

«የኔን ሲወስዱት ማን ጠየቀኝ?» አለች።

ሁለቱም አሻንጉሊቱን ያዙ። ጥሩሸዋ ሳብ አደረገችው። ከአልጋው ላይ ማሙሽ ቃተተ፤ ትከሻው ሊነቀል።

ሳሌም ለቀቀች። እናት ናታ። ምን ታድርግ?

በአርባኛው ቀን ክርስትና ሆነ። እኔም ከዘራዬን ይዤ እያነከስኩ ሄድኩ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሰማዩ ጠርቶ፣ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ሳሌም ነጭ ለብሳለች። ማሙሽን ሳየው ደህና ልጅ፣ ጠይም፣ ጉንጩ ቀላ ያለ። ለምን ለሰው ማስያዝ እንደማትፈልግ አልገባኝም።

የክርስትና አባቱ ተቀበላት። ቄሱ ጸልየው ውሃውን አፈሰሱ።

የወረደው ውሃ ጠይም ነበር።

አንዴ አፈሰሱ። ሁለቴ። ሦስተኛው ላይ ገላው ሁሉ ተገለጠ... ልጆቼ፣ ሰው እንደዚያ አይነጣም። የሥር ምልክት የለበትም፣ የደም ምልክት የለበትም። አያለቅስም። ዓይኑን ብቻ ያርገበግባል።

ኪዳነ ሚስቱን አየ። እሷ መሬት መሬት ታያለች።

ቄሱ ልጁን ትኩር ብለው አዩትና፣ ረጋ ብለው፣

«ልጁን አምጡት» አሉ።

የክርስትና አባቱ ግራ ተጋባ። «ይኸው አባቴ፣ ይዤዋለሁ።»

«ይኼን አላልኩህም።»

ያኔ ከቅጥሩ በር በኩል የሕፃን ልቅሶ ተሰማ።

ዞርን። ጥሩሸዋ ከበሩ ውጪ ቆማለች፤ በነጠላዋ የጠቀለለችውን አሻንጉሊት ጭብጥ አድርጋ አቅፋለች። እሹሩሩ ትለዋለች። ልቅሶው የራበው ሕፃን ልቅሶ ነው።

ሳሌም ልጇን ከክርስትና አባቱ እጅ ተቀበለች። ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ጡቷን አውጥታ ከንፈሩ ላይ አደረገች። «ጥባ፣ የኔ ጌታ፣ ጥባ...»

አፉን አልከፈተም።

ከበሩ በኩል ያኛው አንዴ ደግሞ ጮኸ። በዚያች ቅጽበት ከሁለቱም ጡቶቿ ወተቱ ገንፍሎ ወጣ፤ ነጭ ቀሚሷን አርሶ፣ በማሙሽ ፊት ላይ ወርዶ፣ መሬት ላይ ይንጠባጠብ ጀመር።