ከጉርሻ በፊት

እማዋይሽ ምሳዋን ስትበላ ጨረቃ ላይ ያሉ ሦስት መቶ ሰዎች አብረዋት ያጣጥሙ ነበር። ሐዋሳ ውስጥ ይህን እንደ ብርቅ የሚያወራ አልነበረም። ሐይቁ ዳር ያለው ሕንጻ «ጉርሻ ቤት» ይባላል፤ እሷም እዚያ የተቀጠረች አጉራሽ ናት። ምላሷ ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነገር ትለጥፋለች፤ ልሳነ ቅጂ ይሉታል። ምላስ የቀመሰውን፣ አፍንጫ ያሸተተውን፣ አንጎልም የተመኘውንና የተደሰተበትን ለቅሞ ወደ ላይ ይልካል። ጨረቃ ላይ ያሉት የማዕድን ሠራተኞች ገንዳ ውስጥ ከሚበቅል አልጌ የተጋገረ፣ ካርቶን ካርቶን የሚል ምግባቸውን እያላመጡ የእሷን ዶሮ ወጥ ያጣጥማሉ።

ለሥራው የተመረጠችው ምግብ ስለምትወድ ነው። ፍቅሯ ደግሞ የዋዛ አልነበረም። ቅቤ ሲቀልጥ ኮሰረቱ መብዛቱን ከደጅ ሆና በመዓዛው ትለያለች። ለቅሶ ቤት ሄዳ እንኳ ንፍሮው ጨው እንዳነሰው ለጎረቤቷ ሳታንሾካሹክ አትመለስም።

ችግሩ ልቧ ነበር። ከልቧ በሮች አንዱ አልገጥም ብሎ ደሙ ወደ ኋላ ይመለሳል። ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል። ሐኪሟ ዶክተር ሲፈን ግን በዚህ ክብደቷ አልጋ ላይ ልታስተኛት አልደፈረችም።

«መጀመሪያ መቀነስ አለብዎት» አለቻት።

«ሞክሬ ነበር እኮ።»

«የፍላጎት መዝጊያ አለ። አንዲት ፍሬ ናት፤ ከዋጧት በኋላ ምግብ ትዝም አይልዎት።»

«ከዚያ ስበላስ ይጥመኛል?»

ዶክተር ሲፈን መዋሸት አይሆንላትም። «አይመስለኝም» አለች።

እማዋይሽ አመስግና ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ጣዕም ከሌለ ሥራዋ የለም። ከሥራዋም በላይ ደግሞ ምግብ የማይጥማት እማዋይሽ ማን እንደምትሆን ልታስበው አልቻለችም።

በራሷ መንገድ ሞከረች። የልቧን ሥዕል ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፈች፤ ለጥቂት ቀናት ሠራ፣ ከዚያ ዓይኗ ለመደው። ስኳር ተወች፣ ጎመን በጎመን ሆነች፣ ምግብ ጠላቴ ነው ብላ ለራሷ ደጋግማ ነገረች። ሆኖም ሰው የሚወደውን ነገር ጠላቱ ነው ብሎ ራሱን ስንት ቀን ያታልላል? ሞትን እየፈራች በላች፤ በበላች ቁጥር ደግሞ ፍርሃቱ ባሰባት።

በዚህ መሀል ከጨረቃ አቤቱታ መጣ። ጉርሻው መጀመሪያ ላይ ደህና ሆኖ ወዲያው ባዶ ይሆናል የሚል ነበር። የመሣሪያው ባለሙያ ላቀው፣ ከእሷ ጋር አብሮ ያረጀ ቀልደኛ ሰው፣ ልሳነ ቅጂውን በአዲስ ቀየረው። ለውጥ የለም። ሦስተኛውንም ሞከረ። በመጨረሻ እሷን ጠርቶ ከምላሷ የተቀዳውን መስመር በሰሌዳው ላይ አሳያት። መስመሩ በመጀመሪያዎቹ ጉርሻዎች እንደ ተራራ ይወጣል። ከዚያ ይወርድና እንደ ሜዳ ተኝቶ ይቀራል።

«መሣሪያው ጤነኛ ነው» አለ ላቀው። «ከአምስተኛው ጉርሻ በኋላ የምትቀምሺው ነገር የለም።»

«ሳህኑን ባዶ አድርጌው ነው የተነሳሁት።»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ የቀረውን ማን በላው?»

ላቀው ሰሌዳውን አጠፋው። እማዋይሽም ተቀየመች። ምግብ አትወጂም ያሏት ያህል ከነከናት። ግን ጥያቄው ከራሷ አፍ የወጣ ስለሆነ አልለቃትም። በማግስቱ ስትበላ ራሷን እንደ ባዕድ ሰው ታዘበች። በመጀመሪያው ጉርሻ እንጀራውም ወጡም እሷም አንድ ላይ ነበሩ። እየቆየ ግን እጇ ብቻውን ይመላለሳል፤ እሷ ስለ ልቧ እያሰበች ሌላ ቦታ ናት። የሚበላው ፍርሃቷ ነበር። ይህን ማወቋ ገረማት፤ ሳህኑን ግን እንደለመደችው ጨረሰችው። ማወቅ ሌላ፣ መተው ሌላ።

ነገሩን የቀየረው የአሳንሰር ብልሽት ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት ለደም ምርመራ ስትሄድ ቁርስ እንዳትበላ ተነግሯት ነበርና ሆዷ ባዶ ነው። ምሳው ከምድር ቤቱ ማእድ ቤት ሲመጣ አሳንሰሩ ሁለት ፎቅ መሀል ቆመ። ላቀው ሊያስከፍት ወረደ። እማዋይሽ ልሳነ ቅጂውን ለጥፋ እጇን ታጥባ ጠበቀች። የአሳ ጉላሹ ሽታ በአሳንሰሩ ስንጥቅ እየሾለከ መጣ፤ ቲማቲሙ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ የቃሪያው ጫፍ። ምራቋን ዋጠች። ሆዷ ጮኸ። ከስንት ዘመን በኋላ በእውነት ራባት።

ምግቡ ሲመጣ ቀና ብላ አየች፤ የቀመሰችውን ወደ ጨረቃ የሚልከው ማሰራጫ መብራቱ በርቷል። ላቀው ሲጣደፍ ሳያጠፋው ነው የወረደው። ያን ሁሉ ጊዜ ወደ ጨረቃ የተላከው ባዶ ሆድ ነበር።

በማግስቱ ከላይ ተደወለ። ድምፁ ከጨረቃ እስኪደርስ ትንሽ ይዘገያል። ደዋዩ የሠራተኞቹ ተጠሪ አቶ ጉርሜሳ ነበሩ። እማዋይሽ ቁጣ ጠብቃ ቀድማ ይቅርታ ጠየቀች።

«የለም፣ የለም» አሉ ሰውየው። «የትናንቱን ይድገሙልን ልል ነው።»

«አሳ ጉላሹን?»

«ከእሱ በፊት የነበረውን።»

«ከእሱ በፊት ምንም አልበላሁም፣ አቶ ጉርሜሳ።»

«እሱን ነው የምልዎት» አሉ። «እዚህ እንዳያቅለሸልሸን መድኃኒት እንወስዳለን፤ ረሃብን ያጠፋል። ደወል ሲደወል እንበላለን፣ ሲደወል እናቆማለን። ጣዕሙን ትልኩልናላችሁ፣ እግዜር ይስጥልን። ግን ያልጠየቁትን ጥያቄ መልስ እንደመስማት ነው። ትናንት ሁላችንም ሥራ አቁመን ተያየን። ‹ራበኝ› አለ አንዱ። ያን ቃል እዚህ ከመጣን ሰምተነው አናውቅም። ከዚያ ያ ካርቶን ምግብ ሲመጣ፣ ይመኑኝ፣ ጣፈጠን።»

እማዋይሽ ስልኩን ዘጋች። ያደገችው ረሃብ አይመለስብን ተብሎ በሚጸለይበት አገር ነው። ከአያቶቿ ጀምሮ ቃሉ ሞት ማለት ነበር። ሰው እንዴት ረሃብን ይለምናል? በኋላ ግን ገባት፤ እነዚህ ሰዎች የሚለምኑት ማጣትን አልነበረም። ማእዱ እንደሚመጣ እያወቁ መጓጓትን ነበር።

ረሃብ ደግሞ አይኮረጅም። በማግስቱ ለጨረቃ ልልክ ብላ ስትቀመጥ፣ መንገድ ላይ ቆሎና ብስኩት ስትቆረጥም ስለመጣች መስመሩ ሜዳ ሆኖ ዋለ። አፈረች። ከዚያ ወዲህ ከቁርስ እስከ ምሳ አፏን ያዘች። ስትለምደው በሐይቁ ዳር በእግሯ እየተጓዘች ሥራ ትገባ ጀመር፤ መንገዱ ረሃቡን እንደሚስል አስተዋለች። ማሰራጫው አሁን ሳህኑ ከመከፈቱ በፊት ይበራል። ስትበላም መስመሩ ሜዳ ሲሆን እጇን ትታጠባለች፤ ካለዚያ ለነገ ረሃብ አይኖራትም።

ሁልጊዜ አልተሳካላትም። አንድ ቀን ልቧ ሲንቀጠቀጥባት ፈርታ፣ ቤቷ ገብታ ድስት ሙሉ ቋንጣ ፍርፍር በቁሟ ጨረሰች። በማግስቱ ለጨረቃ በድምፅ «ዛሬ የምልከው የለኝም፤ ትናንት አጥፍቻለሁ» አለች። ከላይ ሳቅ ሰማች። «ምን ነበር?» ብለው ጠየቋት። ነገረቻቸው። «እንዲያ ከሆነ ይቅር ብለናል፤ እንጠብቃለን» አሏት። ለልቧ ብላ መታገሥ ያቃታት ሴት፣ ለሚጠብቋት ሰዎችና ለመጀመሪያዋ ጉርሻ ብላ ታገሠች።

ክረምቱ ሲወጣ ዶክተር ሲፈን ሚዛኑን አይታ ተጠራጠረች።

«መዝጊያውን ከሌላ ቦታ አገኙ እንዴ?»

«አይ፤ ምግብ እንደዚህ ወድጄ አላውቅም» አለች እማዋይሽ።

የልቧ በር ተጠገነ። ከአልጋ ስትነሳ መጀመሪያ የጠየቀችው አጥሚት ነው፤ ከሦስተኛ ማንኪያ በኋላ በቃኝ አለች።

አቶ ጉርሜሳ ውላቸውን ጨርሰው ወደ ምድር ሲመለሱ እናታቸውን ለማየት ወደ ነቀምቴ ሄዱ፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሐዋሳ መጡ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ከምድር ክብደት ጋር ገና ያልተላመዱ ሰው ናቸው፤ በከዘራ ይራመዳሉ። መድኃኒቱን ትተዋል። እማዋይሽ ቤቷ ጋበዘቻቸው። ትሪው መሀል ቀረበ፤ ክዳኑ ስር ዶሮ ወጡ ይተናል። እጃቸውን ታጠቡ። ልትከፍት ስትል ሰውየው እጃቸውን ክዳኑ ላይ አሳረፉ።

«ከፈቀዱልኝ» አሉ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «ትንሽ እንጠብቅ።»

እሷም እጇን ሰበሰበች። የሁለቱም ሆድ ጮኸ፤ ማንኛቸውም አላፈሩም።