ቴአትሪኖዋ ውስጥ ማን ነበር?

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ የምጽፈው ጓደኛዬ ሚለን ከቅዱስ እስጢፋኖስ ቅዳሴ ስንወጣ፣ እየማለች የነገረችኝን ነው።

ጊዜው ባለፈው ግንቦት፣ እሁድ፣ ከቀኑ አስር ሰዓት። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ቦታው እዚሁ ሮም፣ ኤስኲሊኖ ሰፈር፣ መናፈሻ ውስጥ።

ሚለን ባዳንቴ ናት፤ አቅም ያጡ አዛውንት ትንከባከባለች። ሲኞር ኤቶሬ ይባላሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የእጅ አሻንጉሊት ሲያጫውቱ የኖሩ ሰው ናቸው።

ቴአትሪኖ የምትባል ከእንጨትና ከጨርቅ የተሰራች ጠባብ ጎጆ አለቻቸው። እሷ ውስጥ ተደብቀው፣ አሻንጉሊቱን እንደ ጓንት እጃቸው ላይ ያጠልቁና፣ ሌባ ጣታቸውን አንገቱ ውስጥ ሰክተው፣ በመስኮቷ ብቅ ያደርጉታል። ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ አፍንጫው የተቆለመመ ጉደኛ ነው። ውሻውን በዱላ! ፖሊሱን በዱላ! መጨረሻ ላይ ሞት ራሱ ይመጣበታል... እሱንም በዱላ! ልጆቹ በሳቅ ይፈርሳሉ።

ከሁለት ዓመት በፊት ግን ስትሮክ መታቸው። አንደበታቸው ተዘጋ። ቀኝ እጃቸው በድን ሆነ። ሙያውን ልጃቸው ክላውድያ ወረሰች።

ያን እሁድ እንድታጫውት የምትጠበቀው ክላውድያ ነበረች። ሚለን አዛውንቱን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች መጣች። ክላውድያ ጠዋት ተክላት በሄደችው ቴአትሪኖ ፊት፣ ሣሩ ላይ ከተቀመጡት ልጆች ኋላ ቆመች።

ታ! ታ! ታ!

ዱላው ሦስት ጊዜ መታ። መጋረጃዋ ተከፈተች። አሻንጉሊቱ ብቅ ብሎ በዚያች እንደ ዳክዬ በምትንጫጫ ድምፁ ጮኸ። ልጆቹ ሳቁ።

የሚለን ስልክ ጠራ። ክላውድያ ናት።

«ሚለን፣ መንገድ ተዘጋግቶብኝ መኪና ውስጥ ነኝ። ሃያ ደቂቃ ጠብቁኝ። ልጆቹ እንዳይሄዱብኝ።»

ሚለን ወደ መስኮቷ አየች። አሻንጉሊቱ ውሻውን እየደበደበ ነው።

«ክላውድያ...» አለች በሹክሹክታ። «ተጀምሯል እኮ።»

«ምኑ?»

«ጨዋታው...»

«ኧረ አትቀልጂ። አሻንጉሊቶቹ እኮ እኔ ጋ ናቸው። ከኋላ ወንበር ላይ።»

ስልኩ ተቋረጠ።

ሚለን ቀና ስትል አሻንጉሊቱ መደብደቡን ትቷል። በልጆቹ አናት ላይ አሻግሮ... እሷን ያያታል።

«አይዞዎት አባባ» አለ።

በአማርኛ!

 ይቺን ቃል ሚለን የምትናገረው አዛውንቱን ስታጥብ ብቻ ነው። በር ዘግታ። ሌላ ሰው በሌለበት።

«ሲኞር ኤቶሬ... እንሂድ» አለች ጎንበስ ብላ።

አዛውንቱ በደህናው እጃቸው ጎማውን ጭምድድ አድርገው ያዙ። ዓይናቸውን ከመስኮቷ አልነቀሉም። ፊታቸው በሳቅ ተሞልቷል።

ሞት መጣ። ጥቁር ጨርቅ የለበሰ አሻንጉሊት ነው።

«ዱላውን! ዱላውን አንሳ!» ልጆቹ በጣልያንኛ ጮኹ።

አሻንጉሊቱ ዱላውን አነሳ... አየው... ቀስ አድርጎ መልሶ አስቀመጠው።

አንገቱን ደፋ።

ሞት አቀፈው።

 መጋረጃዋ ተዘጋች።

ሚለን ሮጠች። የቴአትሪኖዋን የኋላ ጨርቅ ገለጠችው።

ባዶ። ሣሩ እንኳ አልተረገጠም።

ስትመለስ የሲኞር ኤቶሬ አገጭ ደረታቸው ላይ ወድቋል። እስትንፋሳቸው የለም።

ሐኪሙ ልብ ነው አለ። ክላውድያም ደርሳ ሚለንን አቅፋ አለቀሰች እንጂ አልወቀሰቻትም።

ከቀብሩ ሳምንት በኋላ ግን ጠራቻት። ከልጆቹ የአንደኛዋ እናት ያን ዕለት የቀረጸችውን ቪዲዮ ልካላታለች።

«እስቲ እይው» አለቻት። ስልኳን አቀበለቻት።

በቪዲዮው የቴአትሪኖዋ መጋረጃ ዝግ ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። ልጆቹ ጀርባቸውን ሰጥተዋታል። ሁሉም ፊታቸውን ወደ ተሽከርካሪው ወንበር አዙረው ይስቃሉ።

ከወንበሩ ኋላ ሚለን ቆማለች። ዓይኗ ተጨፍኗል።

ቀኝ ክንዷ በአዛውንቱ አናት ላይ ሽቅብ ተዘርግቷል። እጇ ባዶ ነው... ሌባ ጣቷ ብቻ፣ ቀስ እያለ፣ አንገቱን ይደፋል።