ሠላሳ ስድስት ዲግሪ

ጓደኛዋ ጭራሮ ለሂሳብ ሥዕል ውድድር የሠራችው ካርቶን የክፍሉ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ቁምነገር ክው አለች። ሥዕሉ እሷ ራሷ ደብተሯ ላይ የሣለችው ነው! እኩል ጎን ያላቸው ባለ አምስት ጎኖች ተደርድረው፣ በመካከላቸው የቀረውን ክፍተት ቀጫጭን ሮምበሶች ሞልተውታል። የተለየው ቀለሙ ብቻ ነው።

«አሪፍ ነው አይደል?» አለቻት ጭራሮ። ስሙ በቅጥነቷ የወጣላት ነው፤ ሁለቱ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ይጋራሉ።

«በጣም» አለች ቁምነገር፣ ዓይኗን ሳታይ።

ባለፈው ሐሙስ ደብተሯን ትታ ውሃ ልትጠጣ ወጥታ ነበር። ስትመለስ ጭራሮ ብቻዋን ነበረች። ደብተሩም ትንሽ ዞሯል... ወይስ የመሰላት ነው? «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አለች በልቧ፤ በዕረፍት ሰዓት የሂሳብ መምህሩ ዘንድ ሄደች።

«ከኔ ገልብጣ ነው።»

«ስትገለብጥ አይተሻታል?»

«አላየሁም። ግን እንዴት አንድ ዓይነት ይሆናል?»

«ነገ አጣራለሁ» አሉ መምህሩ። «እውነት ከሆነ ከውድድሩ ትወጣለች።»

ቤት ስትገባ ነገሩን ለልብስ ሰፊዋ እናቷ አወራቻት። ሥዕሉን ሳታሳያት የተረፏትን ባለ አምስት ጎን የካርቶን ቁራጮች ዘረገፈችላት። «እስቲ ክፍተት ሳይኖር ግጠሚያቸው። ማንም ዝም ብሎ እንደማያገኘው ታያለሽ።»

እናቷ ሦስቱን አገናኘች። አራተኛው አልገባ አለ። ጥቂት አሰበችና ከእራፊ ጨርቅ ቀጭን ሮምበስ ቆርጣ ክፍተቱ ውስጥ ሰካችው። «ሌላ ምን ይገባበታል?»

ቁምነገር በጣቷ ጠረጴዛው ላይ አሰላች። የባለ አምስት ጎኑ አንድ ማዕዘን መቶ ስምንት ዲግሪ ነው፤ ሲባዛ በሦስት፣ ሦስት መቶ ሃያ አራት። ከሙሉ ዙሩ ከሦስት መቶ ስድሳ የሚቀረው ሠላሳ ስድስት ዲግሪ፤ ማንም ይደርድረው፣ ያው ሠላሳ ስድስት።

«ደብተሬ ግን ዞሮ ነበር እኮ!»

«እሷን ጠይቀሻታል?»

ቁምነገር ቁራጮቹን ሰበሰበች።

በማግስቱ ከደወሉ በፊት ጭራሮን ዴስካቸው ላይ አገኘቻት። «ሐሙስ ዕለት ደብተሬን ነክተሽው ነበር?»

«አዎ፣ ክርኔን ላሳርፍ ገፋ አደረግኩት። ምነው?» ጭራሮ ቦርሳዋን ከፍታ የተጨማደዱ ወረቀቶች አወጣች። «ባክሽ ይሄን እይልኝ። አራተኛው አልገባ ብሎኝ ሦስት ቀን ፈጀብኝ።» ወረቀቶቹ በላጲስ ብዛት ሳስተዋል፤ ዳር ዳራቸው ላይ የተጻፈው ቀን ከሐሙስ ይቀድማል።

የመምህሩ ድምፅ ከኮሪደሩ ተሰማ። ቁምነገር ሮጣ ብትይዛቸውና «ተሳስቻለሁ» ብትላቸው፣ ነገሩ እዚያው ተዳፍኖ ይቀራል፤ ጭራሮም መቼም አታውቅም።

አልተነሳችም።

«ትናንት ለቲቸር ገልብጣለች ብዬ ነግሬብሻለሁ» አለች። «ተቆጪኝ። ከዚያ ግን አብረን እንሂድና አንቺ ፊት ልንገራቸው።»