ፈትለወርቅን የጠየቃት የለም

ጠላቂዎቹ በፈትለወርቅ ሆድ ውስጥ ሥራ ካቆሙ ሃያ ደቂቃ አልፏል። በጫሞ ዳርቻ ባለው ሆስፒታል፣ ጤፍ የሚያካክሉት እነዚህ ማሽኖች ሆድ ውስጥ ገብተው ዕጢ ቆርጠው መውጣታቸው ጥርስ ከማስነቀል በላይ አያስደንቅም። ማቆማቸው ግን ዶክተር ምህረተአብን አበሳጨው።

ስክሪኑ ላይ የሆድ ዕቃዋ ሽፋን ሽምብራ የተበተነበት ይመስላል። ይህን ሁሉ እባጭ ያየ ሰው ካንሰር ነው ይላል፤ እሱም ብሏል። ማህፀኗም አብሮ እንዲወጣ ተወስኗል። ይህን የሚያውቁት ታላቅ ወንድሟ ጋሽ ደምሰውና ባሏ ስንታየሁ ናቸው። ክፉ ወሬ ለታማሚ አይነገርማ! ጠላቂዎቹን የሚመራው ማሽንም ከእኛው ሐኪሞች ስለተማረ የሚያናግረው ዘመድን ብቻ ነው። እሷ ትንሽ ቁስለት ነው ተብላ፣ ከደረቷ በታች ደንዝዛ ጣራ ጣራውን ታያለች።

ማሽኑ ለአራተኛ ጊዜ ያንኑ ጻፈ፦ "ሕዋሶቹ የለስላሳ ጡንቻ ናቸው። ካንሰር አይመስሉም። ሆርሞን እያሳደጋቸው ነው። ከየት የመጣ ነው?"

ዘመዶቿ "ምንም መድኃኒት አትወስድም" ብለው መልሰዋል።

"ተበላሽቷል መሰለኝ ዶክተር" አለች ነርሷ። "በእጅ ትእዛዝ እናስቀጥለው?"

ጣቱ ቁልፉ ላይ ደረሰ። ከዚያ አፈረ። ስለዚህች ሴት ሆድ ሦስት ቀን ሙሉ ከሁሉም ጋር አውርቷል፤ ከእሷ ጋር ግን አላወራም።

"እህቴ፣ የምትወጊው መርፌ አለ?"

ፈትለወርቅ ከጣራው ወደ እሱ ዞረች። "ለማንም አትናገርም?"

"አልናገርም።"

"ልጅ ለማግኘት ነው። ሌላ ክሊኒክ፣ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ስንታየሁ አያውቅም። በየወሩ ተስፋ አድርጎ በየወሩ ፊቱ ሲጠቁር ማየት አቃተኝ።"

ምህረተአብ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። እባጮቹን ያሳደገው መርፌው እንደሆነ፣ ስታቆመው አብዛኛውን ጊዜ እየከሰሙ እንደሚሄዱ ነገራት። ካንሰር ነው ብለው እንደነበርም፣ ማህፀኗን ሊያወጡ እንደነበርም አልደበቀም።

እንባዋ ወደ ጆሮዋ ወረደ። "ለካ ለዚህ ነው ስንታየሁ ሦስት ቀን በእጁ ሲያጎርሰኝ የከረመው። እኔ ደግሞ መርፌውን ደርሶበት ይሆን እያልኩ ስሳቀቅ!"

ጠላቂዎቹ አንድም እባጭ ሳይቆርጡ ወጡ። ምህረተአብ ስክሪኑን አጠፋ። ማሽኑን ያሠለጠኑት ሰዎች ርኅራኄያቸውን ሁሉ ሰጥተውታል፤ ዝምታቸውንም አብረው። አላውቅም ብሎ መቆምን ግን ከየት እንዳገኘው እንጃ፤ ምህረተአብ ከእሱ እንዳልሆነ ብቻ እርግጠኛ ነው።

ከሰዓት በኋላ ስንታየሁ ገና ምንም ሳይነገረው ዓይኑን ጠራርጎ፣ በግድ ፈገግ ብሎ ገባ። "አይዞሽ፣ ትንሽ ቁስለት ናት።"

"ቁጭ በል ስንታየሁ" አለችው። "ሁለታችንም ዋሽተናል። እኔ ልጀምር።"